ደካማ የራዲዮ ምልክት እንዴት ይሰማል?
(በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ሊሠራ የሚችል ትምህርት)

የራዲዮ ድምፅ ደከም ሲልብን እጃችን ወዲያው የሚሄደው ድምፅ ወደሚጨምረው ቍልፍ ነው። ነገር ግን ቍልፉ በተጠመዘዘ ቍጥር የሚጨምረው እኛ የምንፈልገው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር የተቀላቀለው ጫጫታም በዚያው መጠን ይጨምራል። ጆሮአችን የበለጠ የሰማ ይመስለዋል እንጂ በእውነቱ ያተረፍነው ነገር የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚታዘዘውን የሶፍትዌር ራዲዮ ለደካማ ምልክት እንዴት ማስተካከል እንደሚገባና ማስተካከላችን መጥቀሙን ወይም መጕዳቱን በምን መዝነን እንደምናውቅ ማስረዳት ነው።

የአርዲቦ አካባቢ ሰው የነገሩን ሥር ያውቀዋል። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ከሐይቁ ዳር ሆኖ የሚጣራ ሰው ድምፁ በውሃው ላይ ርቆ ይሰማል። ያው ሰው በዚያው ጕልበት በገበያ ቀን በሐይቅ ከተማ መካከል ቢጣራ፥ ጥቂት ክንድ ርቆ የቆመ ወዳጁ እንኳ ላይሰማው ይችላል። የሰውየው ጕሮሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ጫጫታ ነው። በራዲዮ ትምህርትም እንዲሁ የምንፈልገውን «ምልክት»፥ የማንፈልገውን ደግሞ «ሁካታ» ብለን እንጠራለን። መስማትና አለመስማትን የሚወስነው የምልክቱ ብዛት ለብቻው ሳይሆን፥ ምልክቱ ከሁካታው ጋር ሲመዛዘን ያለው ልክ ነው። ስለዚህ የአድማጭ ዋና ሥራ ማጕላት ሳይሆን ሁካታን መቀነስ ነው።

ይህን ማወቅ ለትምህርት ቤት የራዲዮ ክበብ የገንዘብም ጕዳይ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ምልክት ሲደክምባቸው ማጉያ ለመግዛት ይቸኵላሉ። ማጉያው ግን ምልክቱንና ሁካታውን አብሮ ስለሚያጐላ፥ አንዳንድ ጊዜም የራሱን ሁካታ ስለሚጨምር፥ ገንዘቡ ወጥቶ ነገሩ የባሰ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ማስተካከያዎች ግን አብዛኞቹ ምንም ወጪ የማይጠይቁ ናቸው።

1ኛ፤ ስለ መሣሪያው

በቀድሞው ራዲዮ ውስጥ ጣቢያ የሚመርጡት፥ የሚያጣሩትና የሚያጐሉት ከሽቦ ጥቅልል፥ ከኮንደንሰርና ከትራንዚስተር የተሠሩ ክፍሎች ናቸው። በሶፍትዌር ራዲዮ ግን መሣሪያው ከአንቴናው የመጣውን ሞገድ በእያንዳንዱ ሴኮንድ እጅግ ብዙ ጊዜ እየለካ ወደ ቍጥር ይለውጠዋል። የቀረውን ሥራ፥ ማጣራቱንም ሆነ ወደ ድምፅ መመለሱን፥ ኮምፒዩተሩ በሒሳብ ይሠራዋል።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ርካሽ የሆነው በመጀመሪያ ለዲጂታል ቴሌቪዥን መመልከቻ የተሠራው፥ አር-ቲ-ኤል 2832-ዩ የሚባል ቺፕ ያለበት ትንሽ የዩኤስቢ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ለሌላም የራዲዮ መቀበያነት የሚያገለግል መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2012 በአማተሮች ዘንድ በሰፊው ታወቀ። እያንዳንዱን ልኬት የሚጽፈው በ8 ቢት ነው፤ ይኸውም መለኪያው 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት ማለት ነው። ይህ ቍጥር ኋላ ስለ ጌን ስንናገር ያስፈልገናልና ልብ በሉት።

መደበኛው ዓይነት ከ24 ሜጋኸርዝ ብዙ በታች አይወርድም። እኛ ለምንሠራበት ለ14 ሜጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲን ከፍ የሚያደርግ አፕኮንቨርተር የሚባል ክፍል ያስፈልጋል። አንዳንዱ መሣሪያ ያለ አፕኮንቨርተር «ዳይሬክት ሳምፕሊንግ» በሚባለው መንገድም ይቀበላል፤ በዚህ መንገድ ሲሠራ ግን የጌን ቍልፉ አያገለግልም።

2ኛ፤ ስለ መመዘኛው

ሚዛን የሌለው ነጋዴ በዓይኑ ገምቶ እንደሚሳሳት፥ በጆሮው ጩኸት ብቻ የሚፈርድ አድማጭም ይሳሳታል። ደግነቱ የአማተር ራዲዮ ሰዎች ለዚህ የሚሆን ሚዛን በሰማይ ላይ አኑረዋል። የሰሜን ካሊፎርኒያ ዲ-ኤክስ ፋውንዴሽን ከዓለም አቀፉ የአማተር ራዲዮ ኅብረት ጋር ያቋቋማቸው 18 ቢከኖች፥ ማለትም ጠቋሚ ጣቢያዎች፥ በልዩ ልዩ አገር ተተክለዋል። ከሚሠሩባቸው አምስት ፍሪኩዌንሲዎች አንዱ 14.100 ሜጋኸርዝ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ በተራው ለ10 ሴኮንድ ያህል ይልካል፤ የ18ቱም ተራ በ3 ደቂቃ ይዞርና እንደገና ይጀምራል።

ጣቢያው አስቀድሞ የጥሪ ስሙን በሞርስ ይናገራል፤ ቀጥሎ እያንዳንዳቸው አንድ ሴኮንድ የሚቆዩ አራት ረጃጅም ድምፆች ያሰማል። የጥሪ ስሙና የመጀመሪያው ድምፅ በ100 ዋት፥ ሁለተኛው በ10 ዋት፥ ሦስተኛው በ1 ዋት፥ አራተኛው በአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ይላካሉ። እያንዳንዱ ከፊተኛው አሥር ጊዜ ያነሰ ነው፤ በራዲዮ መለኪያ አነጋገር 10 ዴሲቤል ይቀንሳል።

እንግዲህ ሚዛናችን ይህ ነው። አንድ ነገር ከማስተካከላችን በፊት ስንት ረጃጅም ድምፆች ተሰሙ? ካስተካከልን በኋላስ ስንት? ቍጥሩ ከጨመረ ማስተካከሉ ጠቅሟል። ድምፁ በጣም ጐልቶ ቍጥሩ ግን ያው ከሆነ ምንም አላተረፍንም። ቍጥሩ ከቀነሰ፥ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር፥ ከስረናል።

ለአርዲቦ የሚመቹት ሦስት ጣቢያዎች በተራ ተከታትለው የሚመጡ ናቸው። ከእያንዳንዱ የ3 ደቂቃ ዙር መጀመሪያ ቈጥረን በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ የደቡብ አፍሪካው ዜድ-ኤስ-6-ዲ-ኤን፥ በ1 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ የኬንያው 5-ዜድ-4-ቢ፥ በ2 ደቂቃ የእስራኤሉ 4-ኤክስ-6-ቲ-ዩ ተራቸው ነው። ዙሩ የሚጀምረው በሰዓቱ መባቻ ላይ ስለሆነ፥ የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ የሚለየውም በሙሉ ሰዓት እንጂ በደቂቃ ስላልሆነ፥ ደቂቃና ሴኮንዱን እንዳለ ልንጠቀምበት እንችላለን። የኬንያው ጣቢያ ተራ በየሰዓቱ ከ1 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ፥ ከ4 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ፥ ከ7 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ እያለ ይቀጥላል። አንዳንዱ ጣቢያ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜ አለና አንዱ ቢጠፋ በሌላው መሥራት ነው።

ሞርስ የማያውቅ ተማሪ አይጨነቅ። የኬንያው ጥሪ አምስት ነጥብ፤ ሁለት ሰረዝ ሁለት ነጥብ፤ አራት ነጥብ አንድ ሰረዝ፤ አንድ ሰረዝ ሦስት ነጥብ ነው። ጥቂት ቀን ቢያደምጡት ጆሮ ይለምደዋል።

3ኛ፤ ስለ ቦታና ስለ አንቴና

ሁካታን ለመቀነስ የመጀመሪያው ዘዴ ከሁካታው መራቅ ነው። በከተማ ውስጥ የስልክ ቻርጀር፥ የኤል-ኢ-ዲ አምፖል፥ ቴሌቪዥንና የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር ሁሉ የራዲዮ ሁካታ ይረጫሉ። ከመብራት መሥመር ራቅ ያለ የአርዲቦ ዳር ግን ከዚህ ነፃ ነው። ኮምፒዩተሩም በቻርጀር ሳይሆን በራሱ ባትሪ ይሥራ። መሣሪያውን ከኮምፒዩተሩ ጋር በአጭር የዩኤስቢ ገመድ ማራራቅም ይጠቅማል፤ ኮምፒዩተር ራሱ የሁካታ ምንጭ ነውና።

ለ14.1 ሜጋኸርዝ ቀላሉ አንቴና በመካከሉ የተቈረጠ ሽቦ ነው። በሁለቱም ወገን እያንዳንዱ ክንድ 5 ሜትር ያህል፥ በድምሩ 10 ሜትር ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለው ሽቦ ይበልጥ የሚሰማው በጫፎቹ አቅጣጫ ሳይሆን በጐኑ ነው። ከአርዲቦ ናይሮቢ በደቡብ 1400 ኪሎ ሜትር ያህል፥ እስራኤል በሰሜን 2400 ኪሎ ሜትር ያህል፥ የደቡብ አፍሪካው ፕሪቶርያም በደቡብ 4300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ሦስቱም ከሰሜን-ደቡብ መሥመር ብዙ አይወጡም። ስለዚህ ሽቦውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብንዘረጋው በአንድ አንቴና ሦስቱን እናደምጣለን። ቁመቱ በዛፍ ላይ የተቻለውን ያህል ከፍ ይበል።

ሐይቁ በተራሮች መካከል ነውና «ተራራው አይከልልብንምን?» የሚል ይኖራል። መልሱ በጂኦሜትሪ ይገኛል። የ14 ሜጋኸርዝ ሞገድ ከምድር በላይ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከአዮኖስፌር ታጥፎ ይመለሳል። ከናይሮቢ የሚመጣው በአንድ እጥፋት ከደረሰ ከአድማሱ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገባል፤ ከእስራኤልና ከፕሪቶርያ የሚመጡት ግን 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ናቸው። ክንድን ዘርግተው በአንድ ዓይን ሲመለከቱት የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። በደቡብ በኩል ያለው ተራራ ከሁለት ጭብጥ ካነሰ ለናይሮቢ አያሠጋም። ለሌሎቹ ሁለት ግን በሰሜንም በደቡብም ተራራው ከአንድ ጭብጥ ዝቅ የሚልበትን ዳር መምረጥ ይገባል።

4ኛ፤ ስለ ማስተካከያዎቹ

ሀ) ጌን። የማጉያው መጠን ጌን ይባላል፤ በብዙዎቹ ትንንሽ መሣሪያዎች ከ0 እስከ 49.6 ዴሲቤል ይደርሳል። ጌኑ በጣም ካነሰ ደካማው ምልክት ከ256ቱ ደረጃዎች የመጨረሻውን እንኳ ሳይነቀንቅ ይቀራል። በጣም ከበዛ ደግሞ ጠንካራ የማሠራጫ ጣቢያ ደረጃዎቹን ሁሉ ይሞላና፥ በሥዕሉ ላይ በእውነት የሌሉ «የሐሰት ጣቢያዎች» ይወጣሉ።

ትክክለኛውን መጠን ለማግኘት መጀመሪያ አንቴናውን ነቅሎ በሥዕሉ ላይ ያለውን የሁካታ መሥመር ማየት፤ ቀጥሎ አንቴናውን ሰክቶ መሥመሩ ምን ያህል ከፍ እንዳለ መመልከት ነው። ጌኑን ከትንሹ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመርና አንቴናው ሲሰካ መሥመሩ 10 ዴሲቤል ያህል ከፍ ሲል ማቆም ይገባል። ከዚያ በላይ ቢጨምሩት ሰማዩ የሚሰጠው ትርፍ የለም።

የሐሰት ጣቢያን መለየትም ቀላል ነው። ጌኑን 3 ዴሲቤል ቢቀንሱት እውነተኛው ጣቢያ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ሐሰተኛው ግን ከዚያ እጅግ በበለጠ ይወድቃል ወይም ጨርሶ ይጠፋል።

ለ) በራሱ የሚሠራ ጌን። ኤ-ጂ-ሲ የሚባለው ቍልፍ ጌኑን በራሱ ይወስናል። ለሙዚቃና ለወሬ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ሥራ ግን መዘጋት አለበት። ምክንያቱም ጐረቤት ጠንካራ ጣቢያ ሲመጣ ጌኑን ዝቅ አድርጎ ደካማውን ያጠፋዋል። ደግሞም ጠንካራውንና ደካማውን አንድ ዓይነት ጩኸት እንዲኖራቸው ስለሚያደርግ፥ የአራቱን ድምፆች ልዩነት ደብቆ ሚዛናችንን ያበላሻል።

ሐ) የማጣሪያው ስፋት። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሁካታ በፍሪኩዌንሲ ሁሉ ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ የማጣሪያው በር በሰፋ መጠን ብዙ ይገባል። የሰው ንግግር ለመስማት 2400 ኸርዝ ያህል ስፋት ያስፈልጋል፤ ለሞርስ ግን 240 ኸርዝ ከበቂ በላይ ነው። በሩን ከ2400 ወደ 240 ብናጠበው የሚገባው ሁካታ አሥር ጊዜ ሲቀንስ ምልክቱ ምንም አይነካም። አሥር ጊዜ ማለት 10 ዴሲቤል ነው፤ 10 ዴሲቤል ደግሞ ከአራቱ ድምፆች የአንዱ ደረጃ ነው። በሌላ አነጋገር፥ ናይሮቢ ያለው ጣቢያ ኃይሉን አሥር ጊዜ ቢጨምርልን የምናገኘውን ያህል ጥቅም በጣታችን ብቻ አገኘን ማለት ነው።

256 ደረጃዎች ብቻ ያሉት መሣሪያ ይህን ደካማ ምልክት ሊይዝ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሣሪያው በሴኮንድ 2,048,000 ጊዜ ይለካል፤ ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ አጣርቶ ወደ 240 ኸርዝ ሲያጠበው ስፋቱ ከ8500 ጊዜ በላይ ይቀንሳል፤ ይህም 39 ዴሲቤል ያህል ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሁካታው ዝቅተኛዎቹን ደረጃዎች ለመነቅነቅ የሚበቃ ጌን ሲኖር ብቻ ነው።

መ) የፍሪኩዌንሲ ስሕተት። በርካሽ መሣሪያ ውስጥ ያለው ክሪስታል ከሚሊዮን 50 ክፍል ቢሳሳት፥ በ14.1 ሜጋኸርዝ ላይ 705 ኸርዝ ይሆናል፤ አፕኮንቨርተር ባለው ላይ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። በሩ 240 ኸርዝ ብቻ ሆኖ ሳለ ምልክቱ 705 ኸርዝ ርቆ ቢያልፍ እንዴት ይሰማል? ስለዚህ መሣሪያው ለግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ከሞቀ በኋላ፥ ፍሪኩዌንሲው በእርግጥ የታወቀ ጠንካራ ጣቢያ ላይ አነጣጥሮ በፕሮግራሙ ውስጥ ፒ-ፒ-ኤም በሚባለው ቦታ ስሕተቱን ማረም ያስፈልጋል። መታረም ያለበት በሩ ከመጥበቡ በፊት ነው።

ሠ) ሥዕሉ። እንደ ፏፏቴ የሚወርደው የምልክት ሥዕል በዓይን ለመፈለግ ይረዳል። ኮምፒዩተሩ 2,048,000ውን በ4096 ቢከፍለው እያንዳንዱ ክፍል 500 ኸርዝ ይሆናል፤ በ65,536 ቢከፍለው ግን 31.25 ኸርዝ ይሆናል። ክፍሉ ሲጠብ በውስጡ ያለው ሁካታ 16 ጊዜ ስለሚቀንስ፥ ተሸፍኖ የነበረው ቀጭን መሥመር ይታያል። የፕሮግራሙን ኤፍ-ኤፍ-ቲ ቍጥር ከፍ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ረ) ሁካታ ቀናሽ ቍልፎች። ኖይዝ ሪዳክሽን የሚባለው ለጆሮ ምቾት ይሰጣል፤ ነገር ግን ደካማውን ድምፅ ከሁካታው ጋር አብሮ ሊውጠው ይችላልና መጀመሪያ ይዘጋ። ኖይዝ ብላንከር የሚባለው ግን እንደ ሞተር ብልጭታ ቋ-ቋ-ቋ የሚል ሁካታ ሲኖር ይጠቅማል። የሁለቱንም ፍርድ የሚሰጠው የተሰሙት ድምፆች ቍጥር ነው።

5ኛ፤ ስለ መዝገብ

አዮኖስፌር ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ስለሚለዋወጥ በአንድ ዙር ብቻ መፍረድ አይገባም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፤ ከመለወጡ በፊት አምስት ዙር፥ ከተለወጠ በኋላም አምስት ዙር ማድመጥ፤ ከዚያም ወደ ቀድሞው መልሶ እንደገና አምስት ዙር ማረጋገጥ ነው። አንድ ዙር 3 ደቂቃ ስለሆነ ሥራው 45 ደቂቃ ይፈጃል። በደብተሩ ላይ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ጣቢያው፥ ጌኑ፥ የማጣሪያው ስፋትና የተሰሙት ድምፆች ቍጥር ይጻፍ። ምንም ያልተሰማበት ዙር «0» ተብሎ ይጻፍ እንጂ አይዘለል። ሁለት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ቢጽፉና በመጨረሻ ቢያስተያዩ መዝገቡ ይበልጥ ይታመናል፤ ለመስማት የጓጓ ጆሮ የሌለውንም ይሰማልና።

6ኛ፤ ጆሮ ሲያቅተው

በር ማጥበብና መታገሥ እስከ የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳዩን ጆሴፍ ቴይለር የሚባሉ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ከራስል ኸልስ ጋር ፐልሳር ስለሚባል ኮከብ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1993 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት እኚህ ሰው የአማተር ራዲዮ ሰውም ናቸው። ዊስፐር የሚባለው የእሳቸው ዘዴ አንዲትን አጭር መልእክት ወደ 2 ደቂቃ በሚጠጋ ጊዜ፥ በ6 ኸርዝ ስፋት ብቻ ይልካል። በ2500 ኸርዝ ስፋት ሲለካ ሁካታው ከምልክቱ ከ600 ጊዜ በላይ ቢበልጥ እንኳ ኮምፒዩተሩ መልእክቱን ሊያነበው ይችላል። ፕሮግራሙ ለሁሉ በነፃ የተሰጠ ሲሆን፥ ራዲዮውን በ14.0956 ሜጋኸርዝ ላይ በላይኛው ሳይድባንድ አድርጎ የኮምፒዩተሩን ሰዓት በትክክል መሙላት ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ቃል ለራዲዮም ይሠራል።

7ኛ፤ ስለ ሕግና ስለ ጥንቃቄ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ማድመጥ ነው። ያለ ፈቃድ በራዲዮ መላክ በሕግ የተከለከለ ነው። መሣሪያ ከመግዛትና ከመትከል በፊትም በትምህርት ቤቱ በኩል የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። የአገራችን አማተር ጣቢያዎች የጥሪ ስም በኢ-ቲ ይጀምራል። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ በአምስት ኪሎ ግቢ፥ የተቋቋመ ሲሆን ተማሪዎች ሠልጥነውበታል።

ሽቦ በመብራት መሥመር ላይ ወይም አጠገብ መጣል ለሞት ያደርሳል። በክረምት ነጐድጓድ ከተሰማ አንቴናውን ነቅሎ መራቅ ያስፈልጋል። በሐይቁ ዳር የሚሠራ ክበብም ለባለ እርሻውና ለዓሣ አጥማጁ አስቀድሞ ነገሩን አስረድቶ ፈቃዳቸውን ይጠይቅ፤ ሽቦውንም ሲጨርስ ሰብስቦ ይሂድ።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ውድ መሣሪያ የለንም ብላችሁ አትዘኑ። ጸጥታ ያለበት ዳር፥ 10 ሜትር ሽቦ፥ በትክክል የተመጠነ ጌን፥ የጠበበ ማጣሪያና ያልተዛባ መዝገብ ካላችሁ፥ በጐላ ድምፅ የሚታለለው አድማጭ ያልሰማውን ትሰማላችሁ።

መልመጃ

1. የማጣሪያው ስፋት ከ2400 ኸርዝ ወደ 600 ኸርዝ ቢጠብ ሁካታው ስንት ጊዜ ይቀንሳል?
2. በሴኮንድ 2,048,000 ጊዜ የሚለካ መሣሪያ በ32,768 ቢከፈል የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት ስንት ኸርዝ ነው?
3. አንድ ተማሪ ሦስት ረጃጅም ድምፆች ሰማ። የሰማው ደካማው ድምፅ በስንት ዋት የተላከ ነው?
4. ከሰዓቱ 40 ደቂቃ ካለፈ በኋላ የኬንያው ጣቢያ ተራ መጀመሪያ የሚደርሰው መቼ ነው?
5. ጌኑ ሲጨመር ድምፁ ጐላ፥ የተሰሙት ድምፆች ቍጥር ግን ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ። ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? በምንስ ዘዴ ይጣራል?

መልስ፤ 1) 4 ጊዜ፥ ማለትም 6 ዴሲቤል ያህል። 2) 62.5 ኸርዝ። 3) በ1 ዋት። 4) በ40 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ። የ5ኛውን መልስ እያንዳንዱ ተማሪ ከመሣሪያው ላይ ራሱ ፈትኖ በደብተሩ ይጻፍ።